ሃያ አንድ ያልሞላት ሙሽራ

ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል፤ የእሱን ግን ያወጡት ባለ መጠጥ ቤቶች ናቸው። «መታወቂያ» ይሉታል። ገና ከበሩ ላይ ብቅ ሲል አስተናጋጁ ለባልንጀራው «መታወቂያ መጣ» ብሎ ያንሾካሹካል፤ ወጣት የተቀመጠበት ጠረጴዛ ሁሉ ኪሱን መደባበስ ይጀምራል። በከተማው የፈቃድ ጽሕፈት ቤት የመጠጥ ቤቶች ተቆጣጣሪ ሆኖ ሃያ ሁለት ዓመት ሠርቷል። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ባጁን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ፣ ባለ ካርቦን ደብተሩን በብብቱ ሸጉጦ ከቤት ቤት ይዞራል። ሃያ አንድ ዓመት ያልሞላው ሰው ፊት የመጠጥ ብርጭቆ ካገኘ ይጽፋል። ሦስት ጊዜ የተጻፈበት ቤት ይታሸጋል።

ጨካኝ ሰው አይደለም። ድምፁን ከፍ ያደረገበትን ቀን የሚያስታውስ የለም። «ስንት ዓመትሽ ነው፣ የኔ ልጅ?» ይላል፤ መታወቂያውን አንዴ አቅርቦ አንዴ አርቆ ያያል፤ መነጽር ካስፈለገው አራት ዓመት አልፎታል፣ እሱ ግን አላመነም። ከዚያ ወይ «ተጫወቱ» ብሎ ይወጣል፣ ወይ ይጽፋል። የሚለምነውን ሰው እስከ መጨረሻው ያዳምጠዋል፣ ከልቡ ያዝንለታል፣ ከዚያም ይጽፍበታል። ራሱ ከሥራ ሲወጣ አንድ ቢራ ይጠጣል፤ ሁለተኛውን አዝዞ አያውቅም።

ሚስትም ልጅም የለውም። ያሉት ታላቅ እህቱና የእህቱ ልጅ ናቸው። እህቱ የተማሪዎች ደንብ ልብስ ሰፊ ናት። ባሏ የሞተው ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት ነው፤ ጉበቱን መጠጥ ጨርሶት። ልጅቷ ያኔ ስምንት ዓመቷ ነበር። ከዚያ ወዲህ ደብተርና ጫማ የሚገዛላት፣ «ወላጅ አምጪ» ስትባል ክራቫቱን አስሮ የሚሄድላት አጎቷ ሆነ። አድጋ የኤሌክትሪክ መስመር ሠራተኛ ሆናለች። ቀበቶዋን ታጥቃ አሥራ ሁለት ሜትር ምሰሶ ላይ ስትወጣ፣ ከታች የቆመው አጎቷ አንገቱ እስኪንቃቃ ያያታል፤ መሬት እስክትረግጥም ቃል አይወጣውም።

በዚያ ዓመት ነው እንግዲህ ነገሩ የተነሳው። የምክር ቤት አባላት የመጠጥ ዕድሜ ከሃያ አንድ ወደ አሥራ ስምንት ይውረድ የሚል ረቂቅ አቀረቡ። ከተማው በአንድ ሳምንት ለሁለት ተከፈለ። ፀጉር አስተካካዩ ምላጩን አየር ላይ አቁሞ ይከራከራል፤ ታክሲ ውስጥ የማይተዋወቁ ሰዎች ወራጅ እስኪረሱ ይሟገታሉ። አንዱ «በአሥራ ስምንት ዓመቱ ጠመንጃ ተሸክሞ ድንበር ይጠብቃል፣ ብርጭቆ መሸከም ያቅተዋል?» ሲል፣ ሌላው «ልብ ሳይገዛ ቢራ ይግዛ?» ይለዋል። ሕዝብ አስተያየት እንዲሰጥ ቀን ተቆረጠ። የጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ መታወቂያን አስጠርቶ አንድ ገጽ ተኩል የተተየበ ጽሑፍ ሰጠው።

«ከእርስዎ የበለጠ የሚያውቅ የለም። ይህን ያነቡልናል» አለው።

ጽሑፉ «አይውረድ» ይላል። ተቀብሎ አጥፎ ኪሱ ከተተው።

በዚያው ሳምንት እሁድ እህቱ ቤት ለምሳ ሄደ። ሠርጉ ሁለት ሳምንት ስለቀረው ሳሎኑ በነጭ ጨርቅ ተሞልቷል፤ እህቱ የልጇን ልብስ ራሷ ናት የምትሰፋው። ሙሽራው የሃያ አራት ዓመት ልጅ ነው፤ ዳቦ ጋጋሪ፤ ዝም ያለ፣ ክንዱ ላይ የምድጃ ጠባሳ ያለበት። ምሳ እየበሉ ልጅቷ ማንኪያዋን አስቀመጠች።

«አጎቴ፣ ከሠርጉ በኋላ ባለው ሐሙስ ምክር ቤት እናገራለሁ።»

«ምን ብለሽ?»

«የወጣት ሠራተኞች ማኅበር መርጦኛል። ዕድሜው ይውረድ ብዬ።»

«ጫጉላሽን ምክር ቤት ልታሳልፊው ነው?» አለ፤ ከዚያ ሳቁ ቀዘቀዘበት። «ሐሙስ እኔም ተናጋሪ ነኝ።»

«አይውረድ ብለህ?»

«አለቃዬ እንደዚያ ብለህ አንብብ ብሎኛል።»

«አንተስ ምን ትላለህ?»

«እኔማ ተቆጣጣሪ ነኝ። የተጻፈውን ነው የማስከብረው።»

ልጅቷ ጣቶቿን እያጠፈች ቆጠረችለት። «አሥራ ስምንት ሲሞላኝ መረጥኩ። መንጃ ፈቃድ አወጣሁ። አሥራ አምስት ሺህ ቮልት አጠገብ ልሥራ ብዬ ፈረምኩ፤ አንድ ነገር ብሆን አውቄ ነው የገባሁት የሚል ወረቀት ላይ። አሁን ላገባ ነው፤ ነገ ልጅ ልወልድ እችላለሁ። ቢራ ጋ ስደርስ ብቻ ሕፃን እሆናለሁ?»

«ቢራ አማረሽ እንዴ?»

«ቀምሼውም አላውቅ፤ መቅመስም አልፈልግም። አባቴን አይቼ?» አለች። «ግን የማልጠጣው እኔ ስላልፈለግኩ ይሁን። ሌላ ሰው ስለከለከለኝ አይሁን።»

እናትየዋ ተነስታ ጨው ልታመጣ ሄደች። ጨው ጠረጴዛው ላይ ነበር።

አጎትየው ሁለት ሳምንት ሙሉ ይህን ነገር ሲያመነዥክ ሰነበተ። ለእያንዳንዱ ክርክሯ መልስ ነበረው፤ በቃ ሃያ ሁለት ዓመት ሲመልሰው የኖረው መልስ። ለመጨረሻው ብቻ አጣለት።

ሠርጉ ቅዳሜ ቀን፣ ምሳ ሰዓት ላይ ሆነ። የተከራዩት አዳራሽ መጠጥ የመሸጥ ፈቃድ ያለው ቤት ነው፤ አስተዳዳሪውም መታወቂያን በደንብ ያውቀዋል፤ ሁለት ጊዜ ጽፎበታል። ሦስተኛው ከተጨመረ በሩ ላይ ወረቀት ይለጠፋል፤ አሥራ አንድ ሠራተኛም ቤቱ ይቀመጣል። ስለዚህ ሰውየው ከጠዋት ጀምሮ አስተናጋጆቹን ሰብስቦ «የሙሽራዋ አጎት ማን እንደሆነ ታውቃላችሁ አይደል?» ሲል ነበር። ሙሽራዋ ፊት የቀረበላት የሎሚ ጭማቂ ነው።

ያልታሰበው የሙሽራው አባት ነበር። የጭነት መኪና ሹፌር ነው፤ ድምፁ ያለ ማይክ አዳራሹን ይሞላል፤ ልቡም እንደ ድምፁ ሰፊ ነው። እንግዳው በልቶ ደስ ሲለው የወይን ጠርሙስ አንስቶ ወደ ሙሽሮቹ ጠረጴዛ ሄደ። ለልጁ ቀዳ። ከዚያ የሙሽራዋን ጭማቂ ወደ ጎን ገፋ አደረገና በባዶ ብርጭቆ እስከ አፉ ሞላላት።

«ልጄ፣ ዛሬ ያልጠጣሽ መቼ ልትጠጪ ነው? ይህ የኔ ምርቃት ነው፤ እንዳትመልሺብኝ» አላት።

ሰማንያ ሰው ብርጭቆውን አንስቶ ቆሟል። ልጅቷ አማቷን በአደባባይ ልታሳፍር አልፈለገችም፤ ብርጭቆውን በእጇ ያዘች። ዓይኗም ሳታዝዘው ወደ አጎቷ ሄደ። ተቀምጦ ነበር። እያየችው ብድግ አለ፤ እጁንም ወደ ኮቱ ሰደደ።

ብርጭቆውን አስቀመጠችው። «አጎቴ፣ አትጻፍ» አለች። ጮኻ አልነበረም፤ ግን ዝምታ ስለነበረ ሁሉም ሰማ። «አልጠጣሁም። አልጠጣምም።»

የአማቷ ፊት ተለዋወጠ፤ ዕድሜዋን ያን ጊዜ ነው ያስታወሰው። አስተዳዳሪው እንደ ጥላ መጥቶ ብርጭቆውን በገዛ እጁ አነሳ፤ ላብ አጥምቆታል። አጎትየው ቆሞ ቀረ። የሰው ሁሉ ዓይን እሱ ላይ ነው። መልሶ ተቀመጠ። ከኋላው የሙሽራው አክስት «በገዛ እህቱ ልጅ ሠርግ ላይ! ይሉኝታ የሚባል አልፈጠረበትም» ስትል ሰማት።

ሙዚቃው ቀጠለ፤ ሰውም ጨፈረ። ልጅቷ ስትሸኝ አጎቷን ጉንጩን ሳመችው፤ አሳሳሟ ግን የማታውቀውን እንግዳ የምትስም ይመስል ነበር። እሱም እንዲያው «ደህና ሁኚ» ብቻ አለ።

ሐሙስ ጠዋት የምክር ቤቱ አዳራሽ ጢም ብሎ ሞላ። አንድ ሐኪም የወጣት አእምሮ እስከ ሃያ አምስት ዓመት ድረስ እንደሚያድግ በሥዕል አሳየ። አንድ የሆቴል ባለቤት ተነስቶ «ስለዚህ እስከ ሃያ አምስት ድረስ አያግቡ፣ አይምረጡም በሉና» ሲል ተሳቀ። ከዚያ ሙሽራዋ ተጠራች። የሥራ ልብሷን ለብሳ ነበር፤ ከዚያ በቀጥታ ወደ ሥራ ልትሄድ ነው።

ሦስት መቶ ሰው የሚሰማውን ነገር ለአንድ ሰው እንደምታወራ አድርጋ ተናገረች። ምሰሶውን፣ የፈረመችውን ወረቀት፣ የምርጫ ካርዷን ነገረቻቸው። ከዚያ ወደ ሠርጓ መጣች።

«ሙሽራው ሃያ አራት፣ እኔ አሥራ ዘጠኝ። በአንድ ጠረጴዛ ላይ እሱ ሰው ነው፣ እኔ ልጅ ነኝ። አጎቴ የመጠጥ ቤት ተቆጣጣሪ ነው። ያሳደገኝ እሱ ነው፤ እንደ እሱ ያለ ደግ ሰው አላውቅም። ግን አማቴ ወይን ሲቀዳልኝ፣ ሊጽፍ ተነሳ። እሱን አልወቅሰውም። ደግ ሰው በልጁ ሠርግ ላይ ደብተር እንዲያወጣ የሚያስገድድ ሕግ ግን አንድ የጎደለው ነገር አለ።»

ጭብጨባውን ሳትጠብቅ ተቀመጠች። ቀጥሎ የተጠራው እሱ ነበር።

ወደ ማይኩ ሲሄድ የተተየበውን ጽሑፍ ይዟል። ኃላፊው ፊት ለፊት ተቀምጦ ራሱን ነቅንቆ አበረታታው። መታወቂያ ጽሑፉን አርቆ አየው፣ አቅርቦ አየው፣ መልሶ አጠፈው።

«ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» አለ። «አሁን የተናገረችው የእህቴ ልጅ ናት። ያለችው ሁሉ እውነት ነው፤ አንድ ቦታ ብቻ ተሳስታለች። የተነሳሁት ልጽፍ አልነበረም።»

ሰብሳቢዋ መነጽራቸውን ከፍ አደረጉ። «ታዲያ ምን ሊያደርጉ ነበር?»

«ልወጣ። እጄን ወደ ኮቴ የላክሁት መሐረብ ላወጣ ነው፤ ያስነጠሰኝ መስዬ ልወጣ። ውጭ ቆሜ፣ ጠጥታ እስክትጨርስ ልጠብቅ። እንዳላይ።»

አዳራሹ ውስጥ ወንበር ሲጢጥ ሲል ይሰማል። ኃላፊው ወደ ጫማው አቀረቀረ።

«ሃያ ሁለት ዓመት በሰው ልጅ ላይ ጽፌያለሁ» ሲል ቀጠለ። «እናቶች ለምነውኛል። አንድም ቀን አልወጣሁም። የራሴ ስትሆን ግን እግሬ ቀደመኝ። ይህን ሳልናገር ይህን ወረቀት ባነብላችሁ፣ ዋሾ ነኝ።»

«ስለዚህ ይውረድ ነው የሚሉት?» አሉ ሰብሳቢዋ።

«እሱም አይደለም፣ እሜቴ። ዛሬ ሃያ አንድ ነው ስንል በር ላይ የሚመጣው የአሥራ ስምንቱ ነው። አሥራ ስምንት ብትሉ የአሥራ አምስቱ ይመጣል፤ የታላቅ ወንድሙን መታወቂያ ይዞ። መስመሩን የትም ብታሰምሩት ከመስመሩ ማዶ እግሩን የዘረጋ ልጅ አለ። ይህን በዓይኔ አይቻለሁ። ደግሞ ሌላ ያየሁት አለ። ከስድስት ዓመት በፊት አራት ልጆች ከአንድ ግሮሰሪ ሲያዩኝ አምልጠው ወጡ። ተከተልኳቸው። ያላለቀ ሕንፃ ላይ ወጡ። አንደኛው ከሁለተኛው ፎቅ ወደቀ። እግሩ ሁለት ቦታ ተሰብሮ ዳነ፤ አሁን ይሄዳል፤ ትንሽ ያነክሳል። ከዚያ ቀን ወዲህ ማንንም አላሳድድም። ግሮሰሪው ውስጥ ብተዋቸው ኖሮ ሁለት ቢራ ጠጥተው ቤታቸው ይገቡ ነበር እላለሁ፤ አንዳንዴ። አንዳንዴ ደግሞ አሥር ይጠጡ ነበር እላለሁ።»

የታጠፈውን ጽሑፍ ኪሱ ከተተው።

«ከጠየቃችሁኝ፣ አሥራ ስምንት የሞላው ልጅ ምግብ ቤት ውስጥ፣ ከትልቅ ሰው ጋር ገበታ ላይ ተቀምጦ ቢቀዳለት አልቃወምም። ጠርሙስ ገዝቶ ይሂድ አልልም። ይህ የጽሕፈት ቤቱ ሐሳብ አይደለም፤ የኔ ነው። አመሰግናለሁ።»

ያጨበጨበለት ብዙ ሰው አልነበረም። ይውረድ ባዮቹም፣ አይውረድ ባዮቹም ለማን እንደተናገረ ግራ ገብቷቸዋል።

ውጭ፣ ደረጃው ላይ፣ ልጅቷ ጠበቀችው። የራስ መከላከያ ቆቧን በእጇ ይዛለች።

«ለምን ያን ዕለት አልነገርከኝም?»

«ሰማንያ ሰው ፊት ‹ሕግ ላፈርስ ነበር› ልበልሽ?»

«ዛሬ ሦስት መቶ ሰው ፊት አልከው።»

«ዛሬማ ማይክ ነበር» አለ።

ሳቀች፤ ከዚያ ዓይኗ እንባ አቀረረ፤ በእጅጌዋ ጠረገችው። «ይቅር በለኝ፣ አጎቴ። ከሰው ሁሉ በፊት የማምንህ እኔ መሆን ነበረብኝ።»

«ምን አድርገሽ ታምኚኛለሽ? ሃያ ሁለት ዓመት ስጽፍ ነው ያየሽኝ» አላት። እስከ አውቶብስ ማቆሚያው ድረስ አብረው ሄዱ፤ ስለ ሌላ ነገር፣ ስለ አዲሱ ቤታቸው የውሃ ቧንቧ እያወሩ።

ረቂቁ በአራት ድምፅ ልዩነት ወደቀ። ሁለት የምክር ቤት አባላት ግን የገበታውን ሐሳብ ወስደው እንደገና እንዲጠና ለኮሚቴ አስተላለፉት፤ ከሁለት ዓመት በፊት አይታይም ተባለ። ልጅቷ ያኔ ሃያ አንዱን ታልፈዋለች። ማኅበርተኞቿ «አንቺማ ተገላገልሽ፣ ምን ያገባሻል?» ሲሏት፣ «እኔ አልፌ ሌላው ቀርቶ?» ብላ ፊርማ ማሰባሰቡን ቀጠለች። መታወቂያ ደግሞ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ተጻፈበት። ለሦስት ወር ከመስክ ሥራ ተነስቶ መዝገብ ቤት እንዲቀመጥ ተወሰነ። ደብዳቤውን አርቆ አቅርቦ አነበበና ፈረመ። ፍትሐዊ ነው ብሎ ያምን ነበር።

ደብዳቤው በደረሰው ሳምንት እሁድ እህቱ ቤት ሄደ። ሙሽሮቹም መጥተዋል፤ ሙሽራው ራሱ የጋገረውን ዳቦ ይዞ። ምሳ ተበልቶ ሻይ ቀረበ። እህቱ ደብዳቤውን ካነበበች በኋላ አጣጥፋ መለሰችለትና ብዙ ጊዜ ወስዳ ስኳር አማሰለች።

«ሠላሳ ሁለት ዓመቱ ነበር» አለች።

ባሏን ማለቷ እንደሆነ ሁሉም ገብቶታል።

«እስከዚያ ድረስ አይጠጣም ነበር። በሠርጋችንም አልጠጣም። የሚሠራበት ፋብሪካ የተዘጋ ዕለት ነው የጀመረው። እና መጀመሪያ የቀዳሁለት እኔ ነኝ። አዝኗል፣ ትንሽ ይረሳ ብዬ። ወር ሙሉ እኔው ነኝ የቀዳሁለት። የትኛው ሕግ ነበር እኔን የሚከለክለኝ?»

ወንድሟ ሻዩን አስቀመጠ። «እትዬ፣ ይህን እኮ ለእኔም ነግረሽኝ አታውቂም። ምነው ምክር ቤት መጥተሽ ብትናገሪ ኖሮ።»

«ማን ጠየቀኝ?» አለች። ቅሬታ የለበትም፤ እንዲያው ለመልስ ያህል ነው። «እናንተ ስለ ዕድሜ ነበር የምትከራከሩት። የኔ ነገር ዕድሜ ውስጥ አይገባም።»

ልጅቷ እናቷን ትኩር ብላ አየቻት። ከዚያ ወንበሯን ስባ ጎኗ ተቀመጠች፤ እጇንም ያዘቻት፤ ሁለቱም እጅ ሻካራ ነው፣ አንዱ ከመርፌ አንዱ ከሽቦ። በእናትየዋ ሆድ አሥራ አንድ ዓመት የተቀመጠውን ነገር ማንም በግድ አላወጣውም።

«እማ» አለች ልጅቷ፣ «ከዚያ በፊት እንዴት ያለ ሰው ነበር?»

አባቷን አንስታ ስትጠይቅ ይህ የመጀመሪያዋ ነበር። እናትየዋ መስኮቱን፣ ከዚያ የልጇን ባል፣ ከዚያ ወንድሟን አየች።

«ያፏጭ ነበር» አለች። «ከሥራ ሲመጣ ከመንገዱ ማዶ ይሰማኛል። አንዳንዴ ዜማው ሳያልቅ በሩ ላይ ከደረሰ፣ ውጭ ቆሞ ይጨርሰዋል እንጂ አይገባም።»

«ውሸትሽን ነው» አለች ልጅቷ፣ እየሳቀች።

«አጎትሽን ጠይቂ።»

«እውነት ነው» አለ አጎትየው። «አንድ ቀን ዝናብ እየወረደበት ሲጨርስ አይቼዋለሁ።»

እናትየዋም ወንበሯን ወደ ልጇ አዞረችና ከመጀመሪያው፣ ከተዋወቁበት ቀን ጀምራ መናገር ጀመረች።